የእናት ምርቃት በስንት ሜጋባይት ይላካል?

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ቤት አያያዝ ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ርእሳችን ግን ለጊዜው እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ይኸውም በእጅ ስልካችን የቀረጽነውን ቪዲዮ አሳንሶ ወደ ሩቅ አገር ስለ መላክና በትንሽ ስልክ ላይ እንዲታይ አድርጎ ስለ ማስቀመጥ ነው። «ይኼ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኛን እናቶችን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። እንደዚያ በማለቴም ዳግመኛ የማላገኘውን ነገር አጥቻለሁ። ብዕሬን ያነሣሁት ያጣሁትን ልነግራችሁና እናንተም እንዳታጡ ላስጠነቅቃችሁ ነው።

ታላቅ እኅቴ ለሥራ ወደ ቤይሩት ከሄደች ብዙ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። እናታችን በጠና ታማ አልጋ የያዘችው በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ነው። እኅቴ መጥታ እንዳትጠይቃት አሠሪዎቿ ፈቃድ ከለከሏት፤ ፓስፖርቷም በእነርሱ እጅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማዬ ትራሷን ከፍ አስደረገችና «እናኑን ልመርቃት፤ በዚያ ስልክሽ ቅረጪኝ» አለችኝ። «እናኑ» እኅቴ በልጅነቷ ትጠራበት የነበረ የቤት ስሟ ነው። ካደገች በኋላ፣ ይልቁንም ባሕር ከተሻገረች በኋላ፣ በዚያ ስም የጠራት ሰው አልነበረም።

ስልኬን በመስኮቱ ደፍ ላይ አስደግፌ ቀረጽኳት። አራት ደቂቃ ያህል ተናገረች። «እናኑ» ብላ ጀመረች፤ ከዚያም የወጣችበት እግር እንዲመልሳት፣ በሰው አገር ክፉ እንዳያገኛት፣ ጎጆዋ እንዲሞላ መረቀቻት። ስትጨርስ እጇን ወደ ስልኩ ዘርግታ የእኅቴን ጉንጭ እንደምትዳብስ ያህል አየሩን ዳበሰች። እኔም ከስልኩ ጀርባ ቆሜ «አሜን» እል ነበር።

ወዲያው ልልክላት ብሞክር አልሆነም። ስልኬ በከፍተኛው የጥራት ደረጃ፣ 4ኬ በሚባለው፣ እንዲቀርጽ ተደርጎ ስለ ነበር የአራት ደቂቃው ቪዲዮ 1.4 ጊጋባይት ሆኖ ተገኘ። የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል አልበቃው አለ። የእኅቴ ስልክ ደግሞ አሮጌና ማስቀመጫው የጠበበ ሲሆን፣ ኢንተርኔት የምታገኘውም አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ፣ ያውም መብራት ሲኖር ብቻ ነበር።

በሰፈራችን ወዳለ አንድ የስልክና የኮምፒዩተር ሱቅ ሄድኩ። ልጁ ትሑትና ቀልጣፋ ነበር። «ኮምፕረስ እናደርገዋለን፤ ቀላል ነው» አለኝና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ 1.4 ጊጋባይቱን 5 ሜጋባይት አደረገልኝ። 280 እጥፍ ቀነሰው ማለት ነው። እኔ ግን በጊዜው ያን ያህል መቀነሱን እንደ ሙያ ቆጥሬ አመሰገንኩት። ስልኬ «ቦታ ሞልቷል» እያለ ይጨቀጭቀኝ ስለ ነበር፣ ትልቁን ፋይል ሰረዝኩት። ከቆሻሻ ቅርጫቱም ሳይቀር አጸዳሁት።

ማታ እኅቴ ደወለች። «ደረሰሽ ወይ እታለም?» አልኳት። «ደርሶኛል» አለችና ጥቂት ዝም ብላ ቆየች። ቀጥላም «ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ዓይኗ ግን የት አለ? ድምፅዋም ከእንስራ ውስጥ እንደሚመጣ ነው። ለመሆኑ መጀመሪያ ላይ ምን ብላ ነው የጠራችኝ?» አለችኝ።

«እናኑ ነው ያለችሽ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ብዙ አልተነጋገርንም።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ልጁም «ችግር የለም፤ ትልቁን አምጪና አስተካክዬ እሠራልሻለሁ» አለኝ። ትልቁ ግን አልነበረም። እርሱም የደንበኞቹን ፋይል ማታ ማታ ያጠፋ ነበር። ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ ልጭነው አልችልም። እርሱ ለምን እንደሚፈለግ ሳይጠይቅ ሠራ፤ እኔም በደንብ መሠራቱን ሳላይ ሰረዝኩ። እማዬን እንደገና እንድትመርቃት ብለምናት «የተባለው ተብሏል፤ ምርቃት አይደገምም፤ ደርሷታል» አለችኝ። የልቤን አልነገርኳትም።

በዚህ ጊዜ ነበር በቪዲዮ ቅንብር ሥራ ብዙ ዓመታት ወደ ቆዩ አንዲት የሙያ ታላቄ ዘንድ የሄድኩት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ቡና ታፈዪ የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አፈላለሁ እትዬ» አልኳቸው። «እንግዲያው የቀረጽሽው አቦል ነው። ካሳነስሽው ቶና ነው። ያንኑ ያሳነስሽውን ደግሞ ብታሳንሺው በረካ ነው። በረካውን የቱን ያህል ብታፈይው አቦል አይሆንልሽም። ዋናውን ጥለሽ ቶናውን ያስቀመጥሽ ዕለት ከሰርሽ» አሉኝ። ከዚያም ወንበር ስበው አስቀመጡኝና ያስረዱኝ ጀመር። እኔም የተማርኩትን እንደሚከተለው ለእናንተ አቀርበዋለሁ።

ቪዲዮ ማለት በሰኮንድ 25 ወይም 30 ያህል ሆነው በፍጥነት የሚከታተሉ ፎቶግራፎች ማለት ነው። 1920 በ1080 የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 3 ባይት ቢመደብለት፣ አንዱ ፎቶግራፍ ብቻውን 6 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። በሰኮንድ 25 ፎቶግራፍ ሲታሰብ 155 ሜጋባይት፣ በደቂቃ ደግሞ ከ9 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። ይህን የሚችል ስልክም ሆነ መስመር በየቤታችን የለም። ስለዚህ ስልካችን ገና በመቅረጽ ላይ ሳለ ራሱ ያምቀዋል።

የሚያምቅበትም ዘዴ ለቤት እመቤት እንግዳ አይደለም። እማዬ ስትናገር ግድግዳው፣ መጋረጃውና ትራሱ ከቦታቸው አይነቃነቁም። የሚንቀሳቀሱት ከንፈሯ፣ ዓይኗና እጇ ናቸው። በመሆኑም ማመቂያው ሙሉውን ምስል በየተወሰነ ጊዜ አንድ አንድ ጊዜ ይመዘግባል፤ በመካከል ላሉት ምስሎች የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። በተጨማሪም ዓይን በቀላሉ የማይለየውን ጥቃቅን ዝርዝር እየመረጠ ይጥላል። የሚሰጠው ቦታ ሲያንስ የሚጥለው ይበዛል። ከመጠን በላይ ያነሰ እንደሆነ ግን የእናትን የዓይን ሽፋሽፍትና የፊቷን መሥመሮች ሳይቀር ይጥልና በምትኩ አራት ማዕዘን የሆኑ ንጣፎች ያስቀምጣል። የእማዬን ዓይን የበላው ይኸው ነው። የተጣለውም አይመለስም።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ሥራ ዋናውን ቪዲዮ ማኖር ነው። ምንም ነገር ከመሞከራችሁ አስቀድማችሁ ዋናውን በሁለት ልዩ ልዩ ቦታዎች ገልብጡት፤ አንዱ በኮምፒዩተር፣ ሌላው በፍላሽ ወይም በውጭ ዲስክ ቢሆን ይመረጣል። ስልኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ሌላው ይተርፋልና። በስሕተት የሰረዛችሁም እንደሆነ ሳትደነግጡ የስልካችሁን የቆሻሻ ቅርጫት ተመልከቱ። ብዙዎቹ ዘመናዊ ስልኮች የተሰረዘውን ፎቶና ቪዲዮ ለ30 ቀናት ያህል ያቆዩታል። እንደ እኔ ቅርጫቱን ካላጸዳችሁት ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቪዲዮው የሚሄድበትን ማወቅ ነው። በትንሽ ስልክ ለሚታይ ቪዲዮ 4ኬ ጥራት ትርፍ ነው። 720 የሚባለው፣ ማለትም 1280 በ720 ነጥብ፣ ለስልክ በሚገባ ይበቃል። እንዲያውም ከመጀመሪያው ስልካችሁ በ1080 እንዲቀርጽ ብታደርጉት ቦታም ይተርፋችኋል። በአንዳንድ ስልኮች በተለመደው የአመቃ ሥርዓት የ4ኬ አንድ ደቂቃ 350 ሜጋባይት ያህል ሲወስድ፣ የ1080 አንድ ደቂቃ ግን 130 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይወስዳል።

ሦስተኛው የአመቃውን ዓይነት መምረጥ ነው። ኤች 264 የተባለው ሥርዓት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የወጣ ሲሆን፣ በኤምፒ4 ፋይል ተደርጎ ሲሰጥ አሮጌውም አዲሱም ስልክ ይከፍተዋል ማለት ይቻላል። በ2013 የወጣው ኤች 265 ደግሞ ተመሳሳዩን ጥራት በግማሽ ያህል መጠን ለመያዝ የሚችል ነው። ይሁን እንጂ አሮጌ ስልኮች ላይከፍቱት ይችላሉ። ተቀባይዋ የያዘችውን ስልክ የማታውቁ ከሆነ የመጀመሪያውን ምረጡ። ትንሽ ሆኖ ያልተከፈተ ቪዲዮ ካልተላከ አይሻልም።

አራተኛው ሒሳቡ ነው፤ እርሱም ከአስቤዛ ሒሳብ አይከብድም። በሰኮንድ የምትመድቡትን ሜጋቢት በሰኮንዶቹ ብዛት ታባዙና ለ8 ታካፍሉታላችሁ፤ 8 ቢት አንድ ባይት ነውና። ለምሳሌ የ11 ደቂቃ ቪዲዮ 660 ሰኮንድ ነው። በሰኮንድ 1 ሜጋቢት ብትመድቡለት 660 ሜጋቢት፣ ለ8 ሲካፈል 82 ሜጋባይት ተኩል ይሆናል። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ እንቅስቃሴው ጥቂት ስለሆነ በ720 ጥራት ይህ ያህል ይበቃዋል። የሠርግ ጭፈራ ግን ሁሉም ነገር የሚንቀሳቀስበት በመሆኑ ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

አምስተኛው፣ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምነግራችሁ፣ የድምፁ ነገር ነው። ድምፅ ከምስል ጋር ሲነጻጸር የሚወስደው ቦታ እጅግ ጥቂት ነው። ለንግግር በሰኮንድ ከ64 እስከ 96 ኪሎቢት ቢመደብለት ጥርት ብሎ ይሰማል። ያ ልጅ ግን ምስሉንም ድምፁንም እኩል ጨመቃቸው። ከድምፁ ያተረፈው ከግማሽ ጣሳ አይበልጥም፤ ያጠፋው ግን የእኅቴን ስም ነው። ቦታ ሲጠብ ከምስሉ ቀንሱ፤ ከድምፁ አትቀንሱ። እናት ፊቷ ቢደበዝዝ በድምፅዋ ትታወቃለች።

ይህን ሁሉ የሚሠራ ሃንድብሬክ የሚባል በነፃ የሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። መጠኑን ማስቀደም ከፈለጋችሁ ከላይ ባሰላነው መሠረት በሰኮንድ የሚመደበውን ትጽፋላችሁ። ጥራቱን ማስቀደም ከፈለጋችሁ ደግሞ የጥራት ቁጥር ትመርጣላችሁ፤ ለ1080 ቪዲዮ ከ20 እስከ 24 ያለው ይመከራል። ልብ በሉ! ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ፋይሉ ያንሳል። በሰኮንድ የሚታዩትንም ፎቶግራፎች ብዛት እንደነበረ ተዉት። «ዌብ ኦፕቲማይዝድ» የሚለውንም ሣጥን ምልክት አድርጉበት። ይኸውም የፋይሉን ማውጫ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስለሚያመጣው፣ በኢንተርኔት የምታይ ሰው ሙሉው እስኪወርድ ሳትጠብቅ ማየት እንድትጀምር ያደርጋል። ሥራው ኮምፒዩተሩን ብዙ ጊዜ ሊወስድበት ይችላልና፣ መብራት በማይቋረጥበት ሰዓት ጀምሩት።

የመጨረሻው የአላላኩ ነገር ነው። በዋትስአፕም ሆነ በቴሌግራም ቪዲዮውን እንደ ተራ ቪዲዮ የላካችሁት እንደሆነ፣ እናንተ ተጨንቃችሁ ያዘጋጃችሁትን መልሶ ሊያምቀው ይችላል። ቶናው በረካ ሆነ ማለት ነው። እንደ ፋይል ወይም እንደ ዶክመንት አያይዛችሁ ከላካችሁት ግን እንዳለ ይደርሳል። ሁለቱም አገልግሎቶች በዚህ መንገድ እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላሉ። ከደረሰም በኋላ ተቀባይዋ ከፍታ «ጥሩ ነው፤ ድምፁም ይሰማል» እስክትላችሁ ድረስ ምንም ነገር አትሰርዙ።

ወደ ቤቴ ታሪክ ልመልሳችሁ። በታኅሣሥ ወር እማዬ ትንሽ ሻል ሲላት ሁለተኛ ቀረጽኳት። ምርቃቱን አልደገመችም። ስለ እኅቴ አወላለድ፣ ስለ ክርስትናዋ ድግስ፣ ስለ መጀመሪያ የትምህርት ቤት ቀኗ አወራች። 11 ደቂቃ ነበር። ዋናውን በሁለት ቦታ አኖርኩና ለመላክ ማዘጋጀት ጀመርኩ። በመካከሉ እማዬ ትንፋሽ አጥሯት ወደ መስኮቱ እያየች ዝም ያለችበት 40 ሰኮንድ ያህል ነበረ። ቆርጬ ላወጣው አሰብኩ፤ ቆርጦ ማውጣት ቦታ ይቆጥባልና። ሆኖም አሰላሁት። የ40 ሰኮንዱ ዋጋ 5 ሜጋባይት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ምርቃቱን በሙሉ የጨመቁበት መጠን መሆኑ ነው። እጄ አልታዘዘኝም፤ ተውኩት። ቪዲዮው 82 ሜጋባይት ተኩል ሆኖ ሄደ። እኅቴ በሁለት ሌሊት አወረደችው። «ዓይኗን አየሁት» አለችኝ።

እማዬ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ዐረፈች።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሊባኖስ ላይ የእስራኤል የአየር ድብደባ ሲበረታ፣ እኅቴ ትሠራበት የነበረው ቤት በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ ስለ ነበር አሠሪዎቿ ጥለዋት ሸሹ። እርሷም የለበሰችውን ልብስና ስልኳን ብቻ ይዛ ወጣች። ከሌሎች የአገሯ ልጆች ጋር በባሕሩ ዳር ባደረችባቸው ሌሊቶች ኢንተርኔት አልነበራትም። ቪዲዮው ግን በስልኳ ውስጥ ነበረ። ባትሪው እንዳያልቅባት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያንኑ የዝምታውን 40 ሰኮንድ እየመረጠች ታየው እንደ ነበር ኋላ ነገረችኝ። «ስታወራ ያስለቅሰኛል፤ ዝም ስትል ግን አብራኝ የተቀመጠች ይመስለኛል» አለችኝ። እኔ በትርፍነት ልቆርጠው የነበረው ይህንኑ ነው።

እኅቴ በዚያው ዓመት ወደ አገሯ ተመለሰች። በመጣች በሳምንቱ ሁለቱንም ቪዲዮዎች በቤታችን ቴሌቪዥን ላይ አሳይኝ አለችኝ። ሁለተኛውን ከዋናው አሳየኋት። እማዬ በትልቁ መስኮት ጥርት ብላ ታየች፤ የጥለቷ ቀለም ሳይቀር ይለያል። ቀጥሎም የመጀመሪያውን ከፈትኩት። በትንሽ ስልክ እንደ ምንም የሚታየው 5 ሜጋባይት በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ሲዘረጋ የእማዬ ፊት በአራት ማዕዘን ንጣፎች ተከፋፈለ። እጇን ዘርግታ ስትዳብስ ጣቶቿ አይለዩም። ድምፅዋም ከእንስራው አልወጣም።

እኅቴ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያም «መጀመሪያ ላይ ያለችው እንዴት ነበር? አንቺ ሰምተሻታልና እንደ እርሷ አድርገሽ በይልኝ» አለችኝ። ልሞክር ብዬ «እናኑ» አልኩ። የእማዬ ድምፅ አልሆነም። እኅቴ ግን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ።

ውድ እናቶችና እኅቶች፤ ዛሬ በየቤታችን የእናት ምርቃት፣ የሕፃን የመጀመሪያ እርምጃ፣ የአያት ተረት በየስልኩ ተቀርጾ ይገኛል። አብዛኛውም «ቦታ ሞልቷል» የሚል ማስታወቂያ በመጣ ጊዜ የሚጠፋ ነው። ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትሉ ዋናውን በሁለት ቦታ አኑሩ፤ ለሩቅ ዘመዳችሁ ደግሞ ለስልኩ የሚበቃውን ያህል አሳንሳችሁ ላኩ። ሥራውን ለባለሙያ የሰጣችሁም እንደሆነ ለማንና ለምን እንደሆነ ንገሩት፤ ሲጨርስም በፊቱ ከፍታችሁ እዩ፤ አድምጡም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። እኔ የፈሰሰብኝን አውቀዋለሁ፤ የእናንተ ግን ገና በእንስራው ውስጥ ነው።